መምህር አቋራጭ

የመምህር አስፋውን መርዶ የነገረችኝ ገበያ ላይ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘቢባ ናት። ጆንያዋን ሳታወርድ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ዘይነብ፣ አቋራጭ ደሴ ሆስፒታል አረፉ አሉ።»

የበርበሬ መስፈሪያውን ጣሳ እንደያዝኩ ቀረሁ። ገዢዋ «ስፈሪልኝ እንጂ» ብትለኝ በርበሬውን መልሼ ጆንያው ውስጥ ገለበጥኩት።

የሩቅ ሰው ቢሰማን ሬሳ በቅጽል ስም የምንጠራ ባለጌዎች እንመስለዋለን። ነገር ግን ከተማችን መካነ ሰላም ላይ «መምህር አስፋው» ብትሉ የትኛው ይባላል። «አቋራጭ» ካላችሁ ሕፃን አዋቂው ቤታቸው ድረስ ይወስዳችኋል። ስሙን ያወጡላቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እሳቸውም ወደውት ነበር። «አባቴ ያወጣልኝ ስም ለቀበሌ፣ ልጆቼ ያወጡልኝ ለእኔ» ይሉ ነበር።

የከላላ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የሚሮጡ የሚመስሉ። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ነው። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ምላሳቸው ላይ «ወላሂ» እና «አብሽሩ»። ረመዳን ሲገባ ክፍል ውስጥ ውሃ አይጠጡም። ልጆቹ «ቲቸር ይጠጡ፣ እኛ አይከፋንም» ቢሏቸው «እኔ ግን ከነጉሮሮዬ አፍራለሁ» ይላሉ። ጉድለትም ነበራቸው፤ የሞተ ሰው ነው ብዬ አልደብቅም። ሲቆጡ ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል፣ ያረፈደ ልጅ ላይ በር ይዘጋሉ፣ ወሬ ከጀመሩ ደግሞ ማቆሚያ የላቸውም። ስለ ሦስት ማዕዘን እያስረዱኝ ወጥ ያሳረሩብኝ ቀን አለ። ልጅ ሲሳሳት ግን ተቆጥተው አያውቁም። እጃቸውን አጨብጭበው «ጥሩ ስህተት! አብሽሪ፣ ከዚህ እንነሣለን» ይላሉ። በእሳቸው ክፍል የተሳሳተ ልጅ አንገቱን ሲደፋ አልታየም ይባላል።

እኔ እሳቸውን ያወቅኋቸው በጠብ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ልጆቼ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሴቶች አሉኝ። ትልቋ ከድጃ ዘጠነኛ ክፍል ሳትጨርስ ዓረብ አገር ሄደች። በስልክ ነው ያግባቧት፤ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንድ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወጣች ብዬ ስጠብቅ ጀሪካኑን በሩ ላይ ባዶውን አገኘሁት። አልሞተችም፣ አልሐምዱሊላህ። በበረሃውም በባሕሩም አልፋ ደርሳለች፤ አንዳንዴ ትደውላለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ግን አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ እባብ እንዳየ ሰው ነው የምደነግጠው። ታናሿ ሐያት አስር ደቂቃ ከቆየች ነጠላዬን አንሥቼ መንገድ እወጣለሁ። ሰፈርተኛው «ዘይነብ ልጇን በገመድ ብታስራት ይሻላት ነበር» እያለ ይስቅብኛል።

ታዲያ ሐያት ስምንተኛ ክፍል ሆና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ምን ትለኛለች!

«እማየ፣ ነገ ስልክሽን ልውሰድ። ቲቸር ካርታ ሊያሠሩን ነው።»

«ምን?»

«ካርታ። በስልክ። በቡድን በቡድን።»

እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። የማውቀው ካርታ መናኸሪያው ጥግ ሥራ ፈቶች ተሰብስበው የሚጣሉበትን ነው፤ ሰው ጫማውን ሳይቀር ተበልቶ በባዶ እግሩ የሚሄድበትን። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ በርበሬዬን ለዘቢባ አደራ ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር አስፋውን በር ላይ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ልጄን ካርታ ሊያስተምሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ፊታቸው በራ። «እውነት ነው! ዛሬ እንጀምራለን።»

«አያፍሩም? በዚህ ሽበት?»

«ምን አጠፋሁ እትየ?»

«እኔ ልጄን ቁማር እንድትለምድ ነው የላክኋት? እሱንማ መናኸሪያው በነፃ ያስተምራል!»

አዩኝ፣ አዩኝ፣ ከዚያ የሳቁት ሳቅ! ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ጥሩ ስህተት! ወላሂ እትየ ዘይነብ፣ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ጥሩ ስህተት አልሰማሁም!» እንባቸውን ጠርገው ስልካቸውን አወጡና ወደኔ ያዙት። ከተማችን ከላይ ታየች። ቆርቆሮ ክዳኖች፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የገበያው ሜዳ። ጣታቸውን ገፋ ገፋ ሲያደርጉ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ጣሪያ መጣ። የኔ ቤት ነው። ሸራውን ጣሪያው ሲያፈስብኝ ያለበስኩት እኔው ነኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። «ይሄ መንገዱንም ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«እስከ ዓረብ አገር?»

ሳቃቸው ቆመ። የከድጃን ነገር ሰምተው ኖሯል። ከድንጋዩ ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉና ቀስ ብለው፣ «ያሳያል። አልዋሽዎትም። ግን ሐያትን የማስተምራት መንገድ እንድታገኝ አይደለም እትየ፤ መንገድ እንድትመዝን ነው» አሉኝ።

«ስልኩን እሰጣታለሁ። ግን እኔም እከተላለሁ።»

«ይከተሉ። ከኋላ ሆነው እንዳያወሩ ብቻ፤ እኔ ወሬኛ ተማሪ አልወድም።»

እሳቸው! ስለ ወሬኛ!

እውነቴን ነው የተከተልኩት። ልጆቹ በቡድን ስልክ ይዘው ይወጣሉ፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ። ኔትወርክ እንደልብ ስለማይገኝ ካርታውን ቀድመው አውርደው አስቀምጠውት ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ቀጥ ብለው እስከ መንታ መንገዱ ያለውን በስልኩ ይለካሉ፤ ከዚያ ልክ እንደ ቤት ጥግ ታጥፈው እስከ መስጊዱ ያለውን ይለካሉ። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ያባዛሉ፤ ይህን «ካሬ ማድረግ» ይሉታል። ይደምሩታል። ከድምሩ ደግሞ «ሥሩን ያወጣሉ»፤ ራሱ በራሱ ቢባዛ ያን ድምር የሚሰጥ ቁጥር ይፈልጋሉ ማለት ነው። የሚመጣው ቁጥር ከትምህርት ቤቱ እስከ መስጊዱ በአየር፣ ማለትም በአቋራጩ ያለው ርቀት ነው። ከዚያ ስልኩን ጠይቀው ያመሳክራሉ። ቁጥሩ ሲገጥም የሚጮሁት ጩኸት ግብ እንደገባ ነው። የአቋራጭ ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ «አቋራጩ ስንት ሆነ? አቋራጩን ያገኘ?» ሲሉ ስለሚውሉ።

አንድ ቀን ግን ይህ ትምህርት ሊያስደበድባቸው ነበር። ከከተማው ጫፍ የሐጂ ሙሄ የስንዴ ማሳ አለ። ጥጉ በደንብ የቀና ስለሆነ ለሦስት ማዕዘን ይመቻል ብለው ልጆቹን እዚያ አሰልፈዋል። ድምፃቸው ደግሞ እንደነገርኳችሁ ነው።

«የሐጂ ሙሄን ዳር ካሬ አድርጉ! ያንንም ካሬ አድርጉ! ደምሩ! አሁን ሥሩን አውጡ!»

እንግዲህ ገበሬ ምን ይስማ? ካርታ የሚባለው ለእሱ የይዞታ ወረቀት ነው። ካሬ የሚባለው መሬት የሚሸነሸንበት ነው። ሥሩን አውጡ የሚባለውማ ምንም ትርጉም አያሻውም። ሐጂ ሙሄ ከነልጆቻቸውና ከነጎረቤቶቻቸው ዱላ ይዘው ከየአቅጣጫው መጡ። እኔ ሐያትን ጎትቼ ከኋላዬ አደረግኋት።

«ማነው የላካችሁ?» አሉ ሐጂ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ካሬዬን ለማን ልትሰጡ ነው? ደግሞ የምን ሥር ነው የምታወጡት፣ እሸቱን?»

መምህር አስፋው አልሸሹም፣ አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ሲሄድ በዳር ዞሮ ነው የሚሄደው ወይስ መሐል ለመሐል?»

«መሐል ለመሐል ነዋ! አገር ምድሩ እህሌን እየረገጠ አይደለም እንዴ የሚያልፈው!»

«ይኸውልዎት፤ ሰው ለምን እንደሚረግጥብዎ ነው የምናሰላው።»

«እሱንማ ያለ ስልክም አውቀዋለሁ!» አሉ ሐጂ። «ስለማያፍር ነው!»

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ፤ ዱላ የያዙትም ጭምር። መምህር መሬት ላይ ተቀምጠው በስንጥር ሦስት ማዕዘን ሠሩ፣ በየጎኑ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ገጠሙለት፣ የሁለቱ ትንንሾች ስፋት ሲደመር ከትልቁ እኩል እንደሆነ ሐጂን አስረዷቸው። ሐጂ ጎንበስ ብለው ሰሙና «እንግዲህ ትልቁን ለኔ፣ ትንንሾቹን ለመንግሥት» ብለው ተነሡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ በማሳው ሲያልፉ እሸት ይሰጧቸው ነበር፤ በዳር ዞረው ለመጡት ብቻ።

ግን ስለ መምህር አስፋው ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ገደሉ አፋፍ ላይ የዋልንበት ቀን ነው። ልጆቹ ከከተማው ውጭ ካለ ጥድ ሥር ተነሥተው ማዶ እስካለው መንደር አስሉ ተባሉ። በስልኩ ላይ ወደ ጎን ለኩ፣ ወደ ላይ ለኩ፣ ካሬ አደረጉ፣ ሥሩን አወጡ።

«በጣም ቅርብ ነው ቲቸር!» አለች ሐያት። «ደርሰን ለምሳ እንመለሳለን።»

«በሉ እንሂድ» አሉ።

ልጆቹ እየሮጡ ሄዱ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ምድር አለቀች። አሞራው ከእግራችን በታች ይበራል፣ ወንዙ ከታች እንደ ክር ቀጥኗል። እኔ የሐያትን ቀሚስ ከኋላዋ ጨምድጄ ይዣለሁ። መምህር ከጠርዙ ራቅ አድርገው አስቀመጡንና፣ «ሒሳባችሁ ልክ ነው። አንድም አልተሳሳታችሁም። መሬቱን ግን አልጠየቃችሁትም» አሉ።

ከዚያ አንዱን ልጅ ወደ ማዶ ተጣራ አሉት። ልጁ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንድ ሰው «ኦይ! ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ደኅና ነን!»

«ታዲያ ደኅና ከሆናችሁ ምን ያስጮኻችኋል?»

ልጆቹ ሳር ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። መምህር ግን ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ነበር። «ሰማችሁ? ድምፅ በአቋራጭ ይሄዳል። እግር ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ነው። ስልኩ ከላይ ነው የሚያየው። ከላይ ላለ ሁሉም ሜዳ ነው።» ከዚያ ሦስት ማዕዘኑን አቁሙት አሉ። የገደሉን ጥልቀት እንደ አንድ ጎን፣ የሜዳውን ርቀት እንደ ሌላው አድርገው፣ ተዳፋቱ ራሱ አቋራጭ የሚሆንበትን አሠሯቸው። ቁጥሩ አደገ። «እሱም ቢሆን ድንጋዩንና እሾሁን ሳይጨምር ነው» አሉ። አንዷን ልጅ «እናትሽ ይህን አቀበት እንስራ አዝላ የምትወጣ ከሆነስ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አሰበችና «ይረዝማል» አለች። «ጥሩ መልስ። እሱን የሚያሰላ ቀመር አልተማርኩም» አሉ።

ስንመለስ ከልጆቹ ወደ ኋላ ቀርቼ በልቤ የቆየውን ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ በዚሁ ሒሳብ ከድጃ ያለችበትን ያስሉልኝ። ምን ያህል እንደራቀች ልወቅ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። ቁጥር ቢነግሩኝ ኖሮ አምናቸው ነበር፤ ምን አውቃለሁ። «እትየ» አሉኝ፣ «ይህ ሕግ ለሜዳ ነው። በጣም ሲርቅ ምድር ትጎብጣለች፣ ሕጉ አይሠራም። በሌላ መንገድ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል። ግን ቁጥሩ ለእናት ምንም አይነግራትም። አልቀባባልዎትም።» አልቅሼ ነበር። ግን ከድጃ ከሄደች ጀምሮ «ትመጣለች፣ ዛሬ ነገ ናት» እያለ ከሸነገለኝ ሰው ሁሉ ይልቅ ያን ቀን እሳቸው አጽናኑኝ።

ሐያት የስምንተኛ ክፍል ፈተና በወሰደችበት ክረምት የፈራሁት መጣ። አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት፣ ስሟን አልጠራም፣ ሐያትን እያባበለቻት መሆኑን ከዘቢባ ሰማሁ። በእኔው ስልክ፣ እኔ ገበያ ስውል። «ቪዛ አያስፈልግም፣ በባቲ በኩል አቋራጭ አለ፣ ከዚያ ባሕሩን በጀልባ» ብላታለች። ሐያትን ብጠይቃት አልካደችም። «ከድጃ ብቻዋን ትልፋ?» ነው ያለችኝ። እየሮጥኩ መምህር አስፋው ቤት ሄድኩ።

መጡ። ይቆጧታል፣ ያስምሏታል ብዬ ነበር። እሳቸው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ሰጧት። «ሴትዮዋ የነገረችሽን መንገድ አሳዪኝ» አሏት።

ሐያት ጣቷን ከመካነ ሰላም አስነሥታ ደሴ፣ ከደሴ ባቲ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ስትሄድ ስክሪኑ አረንጓዴነቱን እየተወ ቢጫ፣ ከዚያም ግራጫ ሆነ።

«አሁን ያለሽበት ቦታ ስሙ ማነው?»

«ስም የለውም ቲቸር።»

«አቅርቢው እስኪ።»

አቀረበችው። አሁንም የለም። ወደ ፊት ገፋችው። የለም።

«እዚህ ብትወድቂ» አሉ መምህር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «የት ወደቀች ይባላል? ማዶ ሆኖ ምን ሆንሽ የሚልሽ ማነው?»

ሐያት ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው። እሳቸውም ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እሳቸው፣ ወሬ የማያልቅባቸው ሰውዬ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ያዝኳቸው። «በአላህ፣ አትሂጂ አይሏትም እንዴ?»

«እርስዎ በየቀኑ ይሏታል። አሁን ራሷ እስክትለው እንጠብቅ።»

«ካላለችስ?»

«እኔም ፈርቻለሁ እትየ ዘይነብ» አሉኝ። «ሴት ልጅ ስለሌለኝ አይገባውም ብለው አይዩኝ።»

ሐያት ቀናት ሙሉ ከኔ ጋር አልተነጋገረችም። ስልኬን ይዛ ትቀመጣለች፤ ሳያት ያን ግራጫ ምድር ወዲያና ወዲህ ታገላብጠዋለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሴትዮዋ ከበር ስትጣራ ሐያት ወጥታ ስታናግራት ሰማሁ። «እትየ፣ አንቺ ስታልፊ ውሃ የሚገኘው የቱ ጋ ነበር?» አለቻት። ሴትዮዋ «ይገኛል፣ ሰዎቹ ያውቃሉ» አለች። «አንቺ የጠጣሽበትን ነው የጠየቅኩሽ» አለች ሐያት። ሴትዮዋ «እኔስ አብረውኝ ከነበሩት…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። ሐያት ገብታ እንስራዬ አጠገብ ቁጭ አለችና «ዘጠነኛ እመዘገባለሁ» አለችኝ። እዚያው ሱጁድ ወረድኩ።

ዛሬ ሐያት ደሴ ኮሌጅ ገብታ ቅየሳ፣ የመሬት ልኬት፣ ትማራለች። መምህር አስፋው ናቸው ያን መንገድ ያመላከቷት። መጀመሪያ ስትሄድ ወንድሜ ነው መናኸሪያ ያደረሳት። እኔ የመኪናውን ጡሩምባ ላለመስማት ሙቀጫ ይዤ በርበሬ ስወቅጥ ነበር።

የቀብሩ ቀን ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተርፎ አጥሩን ከበበው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ያስተማሯቸው ልጆች፣ የልጆቹ እናቶች። ሐጂ ሙሄ ዱላቸውን ተደግፈው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። «መሬት ሊወስድብን ነው ብለን በዱላ ወጣንበት» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ይኸው የወሰደው ይቺን ታህል ነው።» አጠገባቸው ያለነው ሁሉ አለቀስን።

ሐያት ሳልጠራት መጣች። እንዴት ብዬ በስልክ እነግራታለሁ ስል፣ ከደሴ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ ደርሳ የድሮ ክፍሏ ልጆች መሐል ቆማ አየኋት። ከቤቴ የሄደ ልጅ ሲመለስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ልቤ ደስ አለው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ትምህርት አለብኝ ብላ ተነሣች። ወንድሜ ሊሸኛት መጥቶ ነበር፤ ተወው አልኩት። ሻንጣዋን እኔ ያዝኩ። መናኸሪያው በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሐያት ወንበሯን ይዛ መስኮቱን ከፈተችና እጄን ያዘችኝ።

«እማየ፣ እጄን አጥብቀሽ ይዘሻል። ፈራሽ?»

«ፈርቻለሁ።»

«ልውረድ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ከድጃ ቢያንስ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ «ቅሪ» ብዬ ከመንገዱ ላይ እተኛ ነበር። ይችኛዋ ጠየቀችኝ። እጇን ለቀቅሁት።

«ሂጂ» አልኳት።